ላ ጋርድ-ፍሬኔ፦ በፈረንጆች ተራራ ላይ የነበሩ ሙስሊሞች



ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ስጠየቅ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ኮርዶባና ስለ ግራናዳ ነበር። ነገር ግን ስለ አንደለስ ቤተ መንግሥቶች ብዙ ሰምታችኋል፤ የማታውቁትን መናገር ይሻላል ብዬ ሐሳቤን ለወጥኩ። ስለዚህ የምወስዳችሁ ወደ አንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ነው።

ከተማዋ ላ ጋርድ-ፍሬኔ ትባላለች። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ቫር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሞር በሚባሉት ተራሮች መካከል ትገኛለች። ነዋሪዎቿ 1,800 ያህል ናቸው። ከበርቴዎች መርከቦቻቸውን ይዘው የሚዝናኑባት ዝነኛዋ ሳን-ትሮፔ ከእሷ የምትርቀው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያዋ ደን ነው፤ በተለይ ልጡ ተልጦ የጠርሙስ ቡሽ የሚሠራበት ዛፍ ይበዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቧ በዚሁ ሥራ ይኖር ነበር። በታኅሣሥ 1851 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሉዊ ናፖሊዮን መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ የቡሽ ሠራተኞቿ መሣሪያ አንሥተው ተነሡ፤ ተሸነፉም። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ለሌላ ቀን እንተወውና ሺህ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

«ፍሬኔ» የሚለው ስም «ፍራክሲኔቱም» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ዓረቦች ይህንኑ ቃል በአንደበታቸው «ፈረኽሸኒት» ብለውታል። ተራራማውን አካባቢ ደግሞ «ጀበል አል-ቂላል»፣ የጉብታዎቹ ተራራ፣ ይሉት ነበር። በዚህ አካባቢ ከ887 ገደማ (274 ዓመተ ሂጅራ) እስከ 973 (362) ድረስ ሙስሊሞች ኖረዋል። የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ማለት ነው። ልጆች ተወልደው አርጅተው የሚሞቱበት ዘመን ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጣ አንድ መስመር ጽሑፍ እንኳ አልደረሰንም። የምናውቀው ሁሉ ሌሎች ስለ እነርሱ የጻፉት ነው፤ ከሌሎቹም አብዛኞቹ ጠላቶቻቸው ነበሩ። ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ።

ስለ አመጣጣቸው የሚነገረውን የጻፈው ሊውትፕራንድ የሚባል የሰሜን ኢጣሊያ ካህን ነው። እንደ እርሱ አባባል ሃያ ያህል ሰዎች ከአንደለስ በትንሽ መርከብ ተነሥተው ነፋስ ወደ ባሕረ ሰላጤው ገፋቸው፤ በሌሊት ወርደው መንደሩን ያዙ፤ በእሾህ ቁጥቋጦ የታጠረውን ተራራም ምሽግ አደረጉት። በዚያ ዘመን የፕሮቫንስ መኳንንት እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበርና አንዱ ሌላውን ለመምታት እነዚህን እንግዶች ለእርዳታ ጠራቸው። ይህን የሚመሰክረው ራሱ ሊውትፕራንድ ነው። ይሁንና ሰውየው ነገሩ ሲፈጸም ገና አልተወለደም ነበር፤ የጻፈውም ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ በጠላት ቤተ መንግሥት ሲያገለግል ነው። «ሃያ» የሚለው ቁጥር እንግዲህ በዚያ ሚዛን ይታይ።

ከእኛ ወገን የጻፉት በጣቶች የሚቆጠሩ ናቸው። የ10ኛው ክፍለ ዘመን መንገደኛና ጂኦግራፈር ኢብን ሐውቀል ስለ ጀበል አል-ቂላል ጥቂት መስመሮች ትቶልናል። ስፍራው በፈረንጆች አገር አጠገብ ያለ፣ በሙጃሂዶች እጅ የሚገኝ፣ ርዝመቱ የሁለት ቀን መንገድ የሚያስኬድ ተራራ መሆኑን ይገልጻል። ውኃና እርሻ እንዳለው፣ ሙስሊሞቹም ከገቡ በኋላ አቅንተው እንዳረሱት ይናገራል። (የእኛ «ፈረንጅ» የሚለው ቃል ሳይቀር ዓረቦች የዚያን አገር ሕዝብ፣ ፍራንኮችን፣ ከሚጠሩበት ስም የመጣ ነው።) እንግዲህ ሊውትፕራንድ የሽፍቶች ዋሻ ባየበት ቦታ ኢብን ሐውቀል ገበሬዎችንም አይቷል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ ይበልጣል። የኮርዶባው የታሪክ ጸሐፊ ኢብን ሐያን እንደመዘገበው በ328 ዓመተ ሂጅራ (940) ኸሊፋው ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ ከኢጣሊያው ንጉሥ ሁጎ ጋር ሰላም አደረገ፤ የንጉሡም ነጋዴዎች ወደ አንደለስ በደኅና እንዲገቡ ፈቀደ። የስምምነቱ ቅጂ ከተላከላቸው ሹማምንት አንዱ «የፈረኽሸኒት ቃኢድ» ነስር ኢብን አሕመድ ነበር። ተራ ሽፍታ የኸሊፋ ደብዳቤ አይላክለትም። ቃኢድ ነበራቸው፤ ስሙም ይታወቃል።

አሁን ወደማይጣፍጠው ነገር ልግባ፤ በራሳችን ላይም ቢሆን እውነትን መመስከር ግዴታችን ነውና። እነዚህ ሰዎች የአልፕስን ተራሮች መተላለፊያ ይዘው ነበር። በ921 ወደ ሮም የሚሄዱ እንግሊዛውያን ተሳላሚዎች በእነርሱ እጅ እንደሞቱ ተጽፏል። የኖቫሌዛ ገዳም መነኮሳት ሸሽተው ቱሪን ገብተዋል። ምርኮኛ ይይዙና በገንዘብ ይለውጡ ነበር። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ሁሉ «የጠላት ወሬ» ብለው ሲያልፉት ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ሁሉንም በጂሃድ ስም መሸፈንም ትክክል አይመስለኝም። መሣሪያ ያልያዘ መንገደኛን የመግደልን ነገር ሸሪዓችን እንዴት እንደሚያየው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገር ግን ነገሥታቱስ? ሁጎ ከባይዛንታይን የእሳት መርከቦችን አስመጥቶ በ942 የሙስሊሞቹን መርከቦች አቃጠለ፤ ተራራውንም ከበበ። ሊያጠፋቸው ሲቃረብ ተቀናቃኙ ቤሬንጋር ከጀርመን አገር ጦር ይዞ ሊመጣበት መሆኑን ሰማ። ወዲያው ከሙስሊሞቹ ጋር ታረቀና የተራራውን መተላለፊያ እንዲጠብቁለት ተስማማ። መንገደኞች የሚሞቱበትን በር ቁልፉን ያስረከባቸው የክርስቲያኖቹ ንጉሥ ነበር። ሊውትፕራንድ በዚህ ሁጎን አጥብቆ ይወቅሰዋል።

ከዚያ በኋላ የጀርመኑ ኦቶ ስለዚሁ ስፍራ ለመነጋገር ዮሐንስ የተባለ መነኩሴ ወደ ኮርዶባ ላከ። የያዘው ደብዳቤ ሃይማኖታችንን የሚነካ ቃል ስለነበረበት ኸሊፋው ፊት ሳይቀርብ ወደ ሦስት ዓመት ቆየ።

በሐምሌ 972 የሆነው ግን ይለያል። ዝነኛው የክሉኒ ገዳም አበምኔት ማዮሉስ ከሮም ሲመለስ በአልፕስ መተላለፊያ ተያዘ፤ አንድ ሺህ ፓውንድ ብርም ተከፍሎበት ተለቀቀ። ራውል ግላበር የሚባል የዚሁ የክሉኒ ወገን መነኩሴ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ስለዚህ ሲጽፍ ሁለት ነገር ይነግረናል። አበምኔቱ የሰጡትን ምግብ አልበላም ባለ ጊዜ ከማራኪዎቹ አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ታጠበ፤ ጋሻውንም አጥቦ በላዩ ላይ ዱቄት አቦካ፤ ቂጣ ጋግሮም በአክብሮት አቀረበለት። ሌላው ደግሞ እንጨት ሲጠርብ እግሩን በመነኩሴው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አሳረፈ። ጓደኞቹ ተቆጡት፤ የታላላቅ ነቢያት ቃል እንዲህ አይረገጥም አሉት። ይህን የጻፈው ወዳጃችን አይደለም። እስኪ አስቡት፤ ሰውን ለገንዘብ የያዘ እጅ ያው ታጥቦ ቂጣ ጋገረለት። ሁለቱም በአንድ ተራራ ላይ የሆኑ ናቸው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ የሚያወራ ግማሽ ታሪክ ነው የያዘው።

የአበምኔቱ መማረክ አገሩን አስቆጣ። የፕሮቫንሱ መስፍን ጊዮም ከወንድሙና ከቱሪን ገዢ ጋር ተባብሮ ዘመተ፤ በ973 ገደማም ፈረኽሸኒት ወደቀች።

ዛሬ ወደ ላ ጋርድ-ፍሬኔ የሚሄድ ጎብኚ ከከተማዋ በላይ ወዳለው ፍርስራሽ ይወጣል። ለብዙ ዘመን «የሳራሴኖች ምሽግ» ሲባል ኖሯል፤ ሳራሴን ማለት በእነርሱ አጠራር ሙስሊም ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቁፋሮ ሲጠና ግን ከ12ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የተኖረበት የአገሬው ሰዎች መንደር ሆኖ ተገኘ። «ሞር» የሚለው የተራራው ስምም ከሙስሊሞች ሳይሆን «ጥቁር፣ ጨለማ ደን» ከሚል የአገሬው ቃል የመጣ ነው የሚሉ ምሁራን ይበዛሉ። ቡሽ መላጥን ያስተማሩን ሙስሊሞች ናቸው የሚል አፈ ታሪክም አለ፤ ደስ ይላል፣ ግን በጽሑፍ የተደገፈ አይደለም። ባልሠራነው አንኩራ።

የተሻለው ማስረጃ የተገኘው ከባሕር ነው። በዚያው ዳርቻ፣ በአጌና በካን ከተማ አጠገብ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የሰመጡ የሙስሊሞች መርከቦች ተገኝተዋል። ትላልቅ እንስራዎች፣ የዘይት መብራቶችና የወፍጮ ድንጋዮች ይዘው ነበር። የወፍጮ ድንጋይ የሚጭን መርከብ የሚፈጩና የሚጋግሩ ሰዎች ያሉበትን አገር ያውቃል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ በምትገኘው ኒም ከተማ ደግሞ በፈረንሳይ እስከ ዛሬ ከተገኙት የሙስሊም መቃብሮች ሁሉ የሚቀድሙ ሦስት መቃብሮች ተቆፍረው ውጤቱ በ2016 ታትሟል። የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው። በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ፊታቸው ወደ ቂብላ ዞሯል። በፍሬኔ ግን 85 ዓመት ሙሉ ሰው እየሞተ ሲቀበር አንድም የታወቀ መቃብር የለም። በነሐሴ 2021 በሞር ተራሮች የተነሣው ቃጠሎ ወደ 7 ሺህ ሄክታር የሚሆን ደንና ሜዳ በልቷል። ነስር ኢብን አሕመድም፣ ቂጣውን የጋገረው ስሙ ያልተጻፈ ሰውም፣ ምናልባት በዚያው ተራራ ከአንዱ የቡሽ ዛፍ ሥር ናቸው።