መድኃኒት በወር፣ ቡድን በሳምንት

ወዳጆች፣ "የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና" ሲባል ለብዙዎቻችን የሀብታም አገር ቅንጦት ይመስለናል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከድሆች ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1905 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ ፕራት የተባለ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ነበሩት፤ ተኝተው ለመታከም አቅም የሌላቸው። በሳምንት አንዴ እየሰበሰበ ያስተምራቸው፣ የየዕለት ውሏቸውን የጻፉበትን ደብተር ያይላቸው ጀመር። ወጪውን የሸፈነችው ደግሞ፣ ስሟ ይገርማችኋል፣ የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ፕራት ሲጀምር ያሰበው ስለ ንጹሕ አየርና ዕረፍት ለማስተማር ነው። እያደር ያስተዋለው ግን ሕሙማኑ እርስ በርስ መበረታታታቸውን ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም እንዲሁ ሆነ። እንግሊዝ አገር በኖርዝፊልድ ወታደራዊ ሆስፒታል መንፈሱ የተጎዳው ወታደር ብዙ፣ ሐኪሙ ጥቂት ነበር። የቡድን ሕክምና እዚያ አደገ። እጥረት ነው የወለደው ማለት ይቻላል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የዩጋንዳው ነው። በደቡብ ዩጋንዳ 30 መንደሮች ውስጥ የተሠራና በ2003 የታተመ ጥናት አለ። ቡድኑን የመሩት ሐኪሞች አይደሉም፤ ሁለት ሳምንት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ፣ ለ16 ሳምንታት ተገናኙ። ቡድን የገቡት ሰዎች ድባቴ ካልገቡት በእጅጉ ቀነሰ። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ዘዴ ወደ 8 ስብሰባ አሳጥሮ መመሪያ አወጣ።

እኛስ? አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና በ1987 ተጀመረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ አለ። ትክክል ነው።

አሁን ካርታውን ከገላን ኮንዶሚኒየም እንየው። ከዚህ ተነስቶ አማኑኤል መድረስ ማለት ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ መርካቶ አካባቢ ድረስ መሄድ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው የወሩን ይዞ ይመለሳል። ቡድን ግን በየሳምንቱ ነው የሚፈልግህ! የታክሲው ሒሳብ፣ ከሥራ የሚቀረው ግማሽ ቀን በስምንት ይባዛል። ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ደግሞ ራሱን ብቻ ሳይሆን ቡድኑንም ያጎድላል። ስለዚህ ለቡድን ሕክምና ቅርበት ራሱ የጥራት መለኪያ ነው።

"እድር አለን፣ ቡና አለን፣ ምን ጎደለን?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መሰብሰብ እናውቃለን። በዕጣ ከየሰፈሩ ተሰባስበን እዚህ ስንገባ እንኳ መጀመሪያ ካሰብንባቸው ነገሮች አንዱ እድር ነው። መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ለቀረም ቅጣት አለው። የሌለው ነገር ምስጢር ነው። ቡና ላይ የተነገረ ደረጃ ሲወርድ ይሰማል። የሕክምና ቡድንን ከቡና የሚለየውም ይሄ ነው፦ የሠለጠነና የሚያማክረው ባለሙያ ያለው መሪ፣ ቋሚ ሰዓት፣ ከክፍሉ የማይወጣ ወሬ፣ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ሲገኝ ወዴት እንደሚላክ አስቀድሞ መታወቁ።

ችግሩ፣ ቡድኑ በቀረበ ቁጥር ምስጢሩ ይከብዳል። ከፎቅ ጎረቤትህ ጋር ተቀምጠህ ስለ ትዳርህ ታወራለህ? ስለዚህ በብሎክ ሳይሆን በጤና ጣቢያ፣ ከተለያየ ብሎክ የመጡ ሰዎችን አቀላቅሎ ቢሆን ይሻላል። በእግር የሚደረስ፣ ግን ከደረጃው የራቀ።

ወንበሩ አለን፣ ሰውም አለን። ከሐኪም እጥረት የተወለደን ሕክምና የሐኪም እጥረት አለ ብለን መተው አይሆንም። የጎደለን የሠለጠነ መሪና የተጻፈ ደንብ ነው። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ፣ ቅርቡን ወይስ ማንም የማያውቃችሁን? እስቲ ሐሳባችሁን ጣል አድርጉ።