ከጭቃ እስከ ወልፔፐር፦ የግድግዳችን ታሪክና የሴቶች እጅ



አዲስ ዓመት ሲቃረብ ለብድር ኮሚቴያችን ከሚቀርቡት ማመልከቻዎች መካከል «ለቤት ማሳመሪያ» የሚሉ አይጠፉም። አንዷ ወልፔፐር መግዣ፣ ሌላዋ ቀለም መግዣ፣ ሌላዋ ደግሞ ግድግዳ ማስለሰኛ ትጠይቃለች። እኛ በመዝገባችን እነዚህን ሁሉ የምናሰፍራቸው «ፍጆታ» በሚለው ዓምድ ነው። በስብሰባም ላይ «ይህ ቅንጦት ነው፤ ገንዘባችን ለሥራ ይዋል» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ከመወሰናችን በፊት ግድግዳ ማልበስ በአካባቢያችን ከየት እንደ መጣና ማን ሲሠራው እንደ ኖረ መለስ ብለን ማየት ይገባናል።

ጭቃው

በጣና ዙሪያ ባሉ መንደሮች እንጨት መቁረጥ፣ ምሰሶ መትከል፣ ማገር ማሰርና ጣራ መክደን የወንዶች ሥራ ነው። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ያለው ግን በአብዛኛው የሴቶች ድርሻ ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ ከምርጊቱ በኋላ ገጹን በመዳፏ የምታስተካክለው፣ በእበት የምትለቀልቀው እርሷ ናት። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል፤ እበቱ ቀዳዳውን ደፍኖ ገጹን ያለሰልሰዋል። አቅም ያላት ኖራ ትቀባለች፤ የሌላት በአመድ ወይም በነጭ አፈር ታነጣዋለች። መደቡንና ጎታውንም የምታበጀው በዚያው እጅና በዚያው ጭቃ ነው።

ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። ክረምቱ የሸረሸረውን መስከረም ላይ መልሶ መለቅለቅ ያስፈልጋል። በየዓመቱ የሚደገም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ማንም ደመወዝ ቆርጦለት፣ ማንም በደብተር ጽፎት አያውቅም።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጨርቅ

«ወልፔፐር ከውጭ የመጣ ነው» ሲባል እንሰማለን። ወረቀቱ ከውጭ መጣ እንጂ በግድግዳ ላይ ሥዕል ለጥፎ ማሳመር በሐይቃችን ላይ የቆየ ሙያ ነው። የዘጌን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም አዝዋ ማርያምን የጎበኘን ሁሉ በክቡ ቤተ ክርስቲያን መካከል ያለውን ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ አይተናል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ብዙዎቻችን ሥዕሉ በቀጥታ በግድግዳው ላይ የተሣለ ይመስለናል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው፦ ግድግዳው በጭቃና በጭድ ይለሰናል፤ በላዩ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ሥዕሉ የሚያርፈው በጨርቁ ላይ ነው።

ከእነዚህ ግድግዳዎች አንዱ ያሠራችውን ሴት ያሳየናል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ከሥዕሎቹ መካከልም እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ያሠራችው ሴት በግድግዳው ላይ መልኳ ቀርቷል። ከጨርቁ ሥር ያለውን ጭቃ ያለሰለሰ እጅ ግን የማን እንደሆነ የሚነግረን ጽሑፍ የለም።

የተለጠፈ ነገር ይነሣል፤ ይህንንም ታሪክ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን፣ በማርሴል ግሪዮል መሪነት ጎንደር ደርሶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከነጨርቃቸው ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ወሰደ። በምትካቸውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ጨርቅ ባይሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ባልተጠቀለለ ነበር።

አቡጀዲና ጋዜጣ

በመኖሪያ ቤት ደግሞ ጨርቁ አቡጀዲ ነበር። አቡጀዲ ከውጭ በንግድ የገባ ያልተነከረ የጥጥ ጨርቅ ነው። በከተማ ቤቶች ለኮርኒስ ተወጥሮ ከጣራው የሚረግፈውን አቧራ ያግድ ነበር። ወደኛ ከተማ ስንመጣ፣ በ1953 ዓ.ም. ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋም ጨርቅ የከተማዋ መተዳደሪያ ሆነ። ብዙ እናቶቻችንም የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የቆጠሩት በዚያ ነው።

አቡጀዲ መግዛት ለማይችል ጋዜጣ ነበረለት። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ በኋላ፣ የተነበበ ጋዜጣ ሁለተኛ ዕድሜውን የሚኖረው በግድግዳ ላይ ነበር። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የስንዴ ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ እሳት ላይ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል፤ ሲበርድ በጨርቅ ይቀባል። ለበዓል በአሮጌው ላይ አዲሱ ይለጠፋል። የጭቃው አቧራ ይቆማል፤ ነፋስ ይታገዳል፤ ቤቱም ይፈካል። ፊደል የቆጠርነው በትምህርት ቤት ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን ቃላት ማንበብ የተለማመድነው አልጋ ላይ ተጋድመን ከግድግዳው ነው።

ጉዳትም ነበረው። የዱቄቱ ሙጫ በረሮና አይጥ ይጠራል፤ ጋዜጣው ሲነሣ ከሥሩ ትኋን ይደበቅበታል። ብልህ እናት አዲስ ከመለጠፏ በፊት አሮጌውን ልጣ፣ ግድግዳውን ለቅልቃ ታደርቅ ነበር።

የባሕር ማዶው ወረቀት

በሌላው ዓለምም ታሪኩ ብዙ አይለይም። ባለጠጋው ግድግዳውን ውድ በሆነ ጨርቅ ሲሸፍን፣ ወረቀት ያንን ለመምሰል የመጣ ርካሽ ምትክ ነበር። መስፋፋቱን ከግብሩ መረዳት ይቻላል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1712 በታተመ የግድግዳ ወረቀት ላይ ቀረጥ ጣለ። ሰዉም ባዶ ወረቀት ገዝቶ ከለጠፈ በኋላ በላዩ እያስቀባ ከቀረጡ ያመልጥ ነበር። ቀረጡ የተነሣው በ1836 ነው። በፈረንሳይ ሉዊ ኒኮላ ሮቤር በ1799 ወረቀትን ሳይቆራረጥ የሚያወጣ ማሽን ከፈለሰፈ በኋላ፣ በየቁርጥራጩ ይቀጣጠል የነበረው ወረቀት በጥቅል መሸጥ ቻለ። ዋጋውም ወርዶ ሠራተኛው ቤት ደረሰ።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። መንግሥት ቀረጥ የሚጥለው ገንዘብ ባለበት ነገር ላይ ነው። ግድግዳ ማልበስ እዚያ በሒሳብ የተያዘ ሥራ ሆነ፤ እኛ ዘንድ ግን «የቤት ሥራ» ሆኖ ቀረ።

ዛሬ በባሕር ዳር

ዛሬ በከተማችን ሱቆች ወልፔፐር በጥቅል ይሸጣል፤ በጀርባው ሙጫ ያለበት የፕላስቲክ ልጣፍም በብዛት ገብቷል። ዕቃው አዲስ ነው፤ ሙያው ግን ያው ነው። ፕላስቲክ በረጠበ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከሥሩ ይሻግታል፤ ክረምት ሳያልፍም ይገለበጣል። በሐይቅ ዳር ለምንኖር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግድግዳው በደንብ መድረቁን በመዳፏ ዳስሳ የምታውቅ፣ ስንጥቁን ደፍና የምታለሰልስ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ በቱምቢ አስተካክላ የምትለጥፍ ሴት ባለሙያ ናት። ይህን ዕውቀት ያገኘችው ከእናቷ ምርጊት ነው።

እንግዲህ የብድር ዓምዳችንን ለሁለት እንድንከፍለው እናሳስባለን። የራሷን ቤት ለማሳመር የምትበደር አባል እንደ ቀድሞው በ«ፍጆታ» ሥር ትመዝገብ፤ መጠኑም ውስን ይሁን። የሰው ግድግዳ በክፍያ ለመለሰንና ለመለጠፍ መሰላል፣ ብሩሽ፣ መቁረጫና የመነሻ ዕቃ የምትጠይቅ ግን «ሥራ» በሚለው ዓምድ ትግባ፤ እንደ ማንኛዋም ነጋዴ የመክፈያ ጊዜ ይሰጣት። የምትሠራውንም በካሬ ሜትር ለክታ፣ የዕቃውን ዋጋና የጉልበቷን ለይታ በደብተር እንድትይዝ የሒሳብ ክፍላችን ያሠለጥናታል። ጉልበቷን ለብቻ ካልጻፈች፣ ደንበኛው የሚከፍላት የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ይሆናል፤ የእጇ ዋጋም እንደ እናቶቻችን ሳይቆጠር ይቀራል።

ለደጋፊዎቻችንም የምንለው ይኸው ነው። በሪፖርታችን ላይ «ልስንና ልጣፍ» የሚል አዲስ መስመር ብታዩ፣ ሥራው አዲስ ሆኖ አይደለም። ከጣና ዳር ጎጆዎች ጀምሮ የነበረ ነው፤ አሁን መቆጠር ስለ ጀመረ ነው። ሐሳቡ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፤ እስከዚያው ይህን ሙያ የያዛችሁ አባላት ስማችሁን ለብድር ኮሚቴው አስመዝግቡ።