የ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ የት ተሰማ?



በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ዘወትር ከሚጠቀሱት አንዱ ግንቦት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ነው። መጠኑ በሬክተር 6.5 ገደማ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ። ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና በናዳና በመሬት መሰንጠቅ ተጎዳ። ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። ተከታዮቹ ነውጦች እስከ ክረምቱ ማለቂያ ድረስ አላቆሙም።

ይህ እንዴት ታወቀ? አንደኛው ምንጭ መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ነውጡን መዝግቧል። ነገር ግን መሣሪያ የነውጡን ጉልበት እንጂ በየመንደሩ ምን እንዳደረሰ አይናገርም። ለዚህ ምስክሩ ሰው ነው። የጣቢያው ኃላፊ የነበሩት ካናዳዊው ፒየር ጉዌን የሰዎችን ቃልና የቆዩ ጽሑፎችን ከመሣሪያው መዝገብ ጋር አመሳክረው የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ሊቃውንቱ የተሰማውን ሁሉ በ12 ደረጃ ይመድቡታል፤ ዝቅተኛው ሰው የማያውቀው፣ መካከለኛው የተኛውን የሚቀሰቅስና ዕቃ የሚያንኳኳ፣ ከፍተኛው ሁሉን የሚያወድም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከካራ ቆሬ እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እስከ መካነ ሰላም ግን 130 ያህል ነው። ወግዲም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሆኖም ርቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ዐለት ላይ የቆመ ቤትና ለስላሳ አፈር ላይ የቆመ ቤት እኩል አይነቀነቁም። ስለዚህ «ወግዲም ተንቀጥቅጧል» ብሎ በግምት መፍረድ አይገባም። ጋዜጣ ባልነበረበት አገር ያልተጻፈውን ሁሉ አልደረሰም ማለትም አይገባም።

የሐዲስ ዑለሞቻችን ወሬ ሲቀበሉ «ከማን ሰማህ? እሱስ በቦታው ነበር?» ብለው ይመረምሩ ነበር። እኛም አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በዚሁ መንገድ እንጠይቅ። ያ ሌሊት ከአረፋ በዓል አንድ ሳምንት ያህል በኋላ ስለነበረ ዘመኑን ለማስታወስ ይረዳል። መልሱን አስቀድመን በአፋቸው አናስገባ። የት ነበሩ? ተኝተው ነበር ወይስ ነቅተው? ዕቃ ተንኳኳ? ግድግዳ ተሰነጠቀ? በዓይን ያዩትን ከሰሙት ለይተን እንጻፍ። «ምንም አልተሰማንም» የሚለውም ቃል ጠቃሚ ምስክርነት ነውና አይጣል።

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው መጠኑ 6 ገደማ የሆነ ነውጥ በሰዓታት ውስጥ ለዓለም ተሰራጨ። የ1953ቱ ምስክሮች ግን ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ እነሱ ባለፉ ቁጥር ያልተጻፈው አብሯቸው ይቀበራል። ወጣቶች ደብተራችሁን ይዛችሁ ወደ ሽማግሌዎቻችሁ ሂዱ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፤ አገራችንንም ከአደጋ ይጠብቅልን። አሚን።