ከእህል በረንዳ እስከ ደላንታ፦ የጓያ ሽባነት ታሪክ

በመርካቶ እህል በረንዳ ጓያ ከአተርና ከባቄላ ጋር ይሸጣል። ዋጋው ረከስ ስለሚል ከሽሮ እህል ጋር መቀላቀሉ የቆየ ነገር ነው። ከተሜው ከእንጀራና ከቅመም ጋር ስለሚበላው ጉዳቱ እምብዛም አይታይበትም። ዝናብ በጠፋበት አገር ግን ጓያ ብቻውን ይተርፋል፤ ለወራት ዋና ምግብ የሆነ እንደሆነ ደግሞ የገበሬውን ሁለት እግሮች ያደርቃል።

ሐኪሙን የሚያስቸግረው እግር የሚያደርቀው ጓያ ብቻ አለመሆኑ ነው። የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ)፣ ዕጢ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ነቀርሳው በመድኃኒት ይድናል፤ «ጓያ ነው» ተብሎ የተሸኘ የነቀርሳ ሕመምተኛ ሊድን ሲችል ሽባ ሆኖ ይቀራል። ጓያ የጎዳው ሰው የቆዳው ስሜት በአብዛኛው አይጠፋም፤ አእምሮውም ደህና ነው። ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ ጉልበቶቹ እየተጠላለፉ በጣቶቹ ይራመዳል። የጉዳቱ ደረጃ የሚለካውም በዱላ ነው፦ ያለ ዱላ፣ በአንድ ዱላ፣ በሁለት ዱላ፣ በመጨረሻም በዳዴ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ከማርቲኒክ ደሴት አዲስ ተጠርጣሪ መጣ። አንትዋን ጌሳንና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ሽባነት ካላቸው ሕመምተኞች ብዙዎቹ ኤች ቲ ኤል ቪ-1 ለተባለ ቫይረስ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳዩ። የኢትዮጵያውያኑስ? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የተሳተፉበት ጥናት በ1991 ታተመ፤ በእኛ ሕመምተኞች ደም ቫይረሱ የተገኘው በጥቂቱ ነበር። ይህን ጥናት ከሁሉ አስበልጬ አከብረዋለሁ፤ የውጭውን መልስ እንዳለ ከመቀበል ይልቅ የራሳችንን ሰው ደም መርምሯል።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ አይታ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ተራው የወሎው ደላንታ ሆነ፤ ከ2000 በላይ ሰዎች ተጎዱ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን በ1999 በላንሴት መጽሔት ይፋ አደረጉ። በኋላ ባወጡት ጥናት ደግሞ የተጎጂውን ማዕድ አንድ በአንድ መረመሩ፦ የጓያ ንፍሮና እሸት አደጋውን ያንራሉ፤ እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ ግን አላናሩትም። ከእህል ጋር መቀላቀል፣ ቅመም ያለበት ወጥ መጨመርም ይከላከላል።

የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ባክሎፌን የጡንቻውን ድርቀት ሊያላላ ይችላል፣ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴም ያግዛል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚድነው በሽታ ይፈለጋል፤ የአከርካሪው ምስልና የደም ምርመራው ሌላ በሽታ ካላሳየ፣ ሐኪሙ ታማሚውን የሚጠይቀው ስለ ምግቡ ነው፦ ጓያ ስንት ወር በሉ? ንፍሮ ነበር ወይስ ሽሮ?