ለ“ሱሊ” የተፈለገለት ባላንጣ

ክሊንት ኢስትዉድ እ.ኤ.አ. በ2016 “ሱሊ”ን ሲሠራ ታሪኩ ለፊልም እጅግ አጭር ነበር። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ከኒውዮርኩ ላጓርዲያ የተነሳው የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ ኤ320 ከዝይ መንጋ ጋር ከተጋጨበት ቅጽበት አንስቶ ሃድሰን ወንዝ ላይ እስኪያርፍ የወሰደው 208 ሰከንድ ያህል ነው። ከ155ቱ ሰዎች አንድም አልሞተም። ጥፋተኛ ቢፈለግ ያሉት ዝይዎቹ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ማን ችሎት ያቀርባቸዋል?

ስለዚህ ፊልሙ ባላንጣ አበጀ፤ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎችን። ቶም ሃንክስ የሚጫወታቸው ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር እንደ ተከሳሽ ተቀምጠው፣ ወደ ላጓርዲያ መመለስ ይቻል እንደነበር ይነገራቸዋል። ካፒቴኑ ራሳቸው የእውነተኞቹ መርማሪዎች ስም ከስክሪፕቱ እንዲወጣ ጠይቀው ነበር። ቦርዱ ግን ስሙ አልቀረለትም፤ የቀድሞ መርማሪዎችም በፊልሙ ክፉኛ ተቆጥተዋል። እኔም እፈርድላቸዋለሁ።

እውነተኛው ትንቅንቅ የነበረው ኮክፒቱ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ 2,800 ጫማ ገደማ ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን አጡ። እስከዚያ ያበር የነበረው ረዳት አብራሪው ጄፍሪ ስካይልስ ነው። ሰለንበርገር ወዲያው መሪውን ተረከቡ፤ ከዚያም አስቀድመው ማንም ሳያዛቸው በጅራቱ በኩል ያለችውን ትንሽ ሞተር፣ ኤፒዩ የሚሏትን፣ አስነሱ። በቼክሊስቱ ተራ ቢሄዱ ኖሮ እሷጋ ሳይደርሱ ወንዙ ይቀድማቸው ነበር። አውሮፕላኑ መብራት እንዳያጣና የበረራ ኮምፒውተሮቹ እንዳይከዱት ያደረገችው እሷ ናት። ስካይልስ ሞተሮቹን ለማስነሳት የገለጠው ቼክሊስት ሦስት ገጽ ነው፤ የተዘጋጀውም ከ20,000 ጫማ በላይ ሆኖ ጊዜ ላለው አብራሪ። ሳይጨርሰው ውሃው ላይ ደረሱ።

በሲሙሌተር የተሞከረውም ቢሆን ፊልሙ እንዳስመሰለው አይደለም። ምን እንደሚገጥማቸው አስቀድመው የሚያውቁና በቅጽበት የዞሩ አብራሪዎች አንዳንዶቹ ማኮብኮቢያው ላይ ደርሰዋል። ለማሰቢያ 35 ሰከንድ ሲጨመር ግን አውሮፕላኑ ተከሰከሰ። እነዚያን ሰከንዶች ያስጨመረው ቦርዱ ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ሪፖርትም ወንዙን መምረጣቸው ትክክል እንደነበር አረጋግጧል። ፊልሙ ይህን ፍትሐዊነት ነጥቆ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ድል አደረገው።

ለእኛ አገር አንባቢ ውሃ ላይ ማረፍ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ካፒቴን ልዑል አባተ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ካልሄድክ አሉት። ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዳም አላመኑትም። ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ዳርቻ ውሃው ላይ ሲወድቁ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ አለቁ፣ 50 ተረፉ። ቀደም ሲልም ሁለት ጊዜ የተጠለፈ ሰው ነው። ይህን ታሪክ ለሲኒማ የሚጽፍ ባላንጣ ለመፈልሰፍ አይቸገርም፤ ልዑል ሞተሮቹ ከጠፉ በኋላ እንኳ አውሮፕላኑን ወደ ባሕሩ ያወረደው ከጠላፊ ጋር እየታገለ ነው።