በዓባይ አፋፍ የቆሙ ጥቁር አምዶች፦ የምሥራቅ ጎጃም ባዛልትና ታሪኩ

በግልገል ዓባይ ስም ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወርደው ውሃ ጣና ሐይቅ ከገባ በኋላ በባሕር ዳር በኩል ወጥቶ፣ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየዞረ ጎጃምን ከቤጌምድር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ስለሚለይ፣ አገሩ በውሃና በገደል የታጠረ የየብስ ደሴት ሆኖ ኖሯል። ደብረ ወርቅ፣ ቢቸናና ደጀን የሚገኙት በዚህ ደሴት ምሥራቃዊ ወገን፣ ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ደጋ ላይ ነው። ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት አፋፍ ጥቁር ድንጋይ በሰው እጅ የተጠረበ እስኪመስል ድረስ ተስተካክሎ፣ አምስትና ስድስት ገጽ ይዞ፣ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይታያል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ይህን ድንጋይ ባለ አምድ ባዛልት ይሉታል፤ ባዛልት ከምድር ውስጥ የወጣ፣ ብረትና ማግኒዥየም የበዛበት ቅልጥ ዓለት በርዶ ሲረጋ የሚፈጠር ጥቁር ድንጋይ ነው።

የዚህ ድንጋይ ዕድሜ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ዘመን የዛሬው ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ምድር በረጃጅም ስንጥቆች እየተከፈተ ቅልጥ ዓለት ደጋግሞ ፈሶበታል፤ አንዱ ፍሳሽ ረግቶ ሲደርቅ ሌላው በላዩ እየተነጠፈ፣ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ንጣፍ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የዕድሜ ልኬት ጥናት እንዳሳየው፣ የዚህ ንጣፍ አብዛኛው ክፍል የወጣው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ሲሆን፣ ይህም በምድር ታሪክ ሚዛን እጅግ አጭር ጊዜ ነው። የጮቄ ተራራ ግን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው፤ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በንጣፉ ላይ የፈነዳው እሳተ ገሞራ፣ ጎኑ ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ሰፊ ተራራ አቁሟል።

የአምዶቹ ቅርጽ የሚመጣው ከቅዝቃዜ ነው። ቅልጥ ዓለት ረግቶ ድንጋይ ከሆነ በኋላም መብረዱን ስለሚቀጥልና ሲበርድም ስለሚኮማተር፣ የበጋ ፀሐይ የጎጃምን ዋልካ መሬት እንደሚሰነጣጥቀው ሁሉ፣ ገጹ በስንጥቅ ይከፋፈላል። ስንጥቆቹ በሚገናኙበት ቦታ ሦስት ሆነው ወደ 120 ዲግሪ የሚጠጋ ማዕዘን ሲሠሩ የመኮማተሩ ኃይል እኩል ስለሚከፋፈል፣ ስድስት ገጽ ያለው ቅርጽ ከሌላው በዝቶ ይገኛል። ከዚያም ቅዝቃዜው ከንጣፉ ላይና ታች ወደ መካከል ሲዘልቅ ስንጥቁም አብሮት እየዘለቀ አምዱን ያረዝመዋል። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከአይስላንድ በመጣ ባዛልት ላይ ባደረጉት ሙከራ ስንጥቁ የሚፈጠረው ድንጋዩ ከ840 እስከ 890 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ጊዜ መሆኑን አሳይተዋል። በዝግታ የበረደ ንጣፍ ወፋፍራም አምዶችን፣ ፈጥኖ የበረደ ደግሞ ቀጫጭን አምዶችን ይሰጣል።

ይህ ዕውቀት ያለ ክርክር አልተገኘም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት ባዛልት ከጥንት ባሕር ውሃ ውስጥ የረጋ ደለል እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዴማሬ ግን እ.ኤ.አ. በ1763 በኦቨርኝ ምድር አምዶቹ ከእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ጋር ተያይዘው ስላገኛቸው፣ ምንጫቸው እሳት መሆኑን አስረዳ። በሰሜን አየርላንድ የባሕር ዳርቻ የሚገኘውና ወደ 40,000 የሚጠጉ አምዶች ያሉት ጃይንትስ ኮዝዌይ የዚህ ክርክር ዋና ምስክር ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ክርክሩ ገና አልተዘጋም ነበር። የኢትዮጵያን የባዛልት ንጣፎች ለይቶ የመዘገበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ መጽሐፉን በ1870 አሳትሟል። ይሁንና ብላንፎርድ ጎጃምን አልረገጠም፤ የዓባይን ሸለቆ ዳር ዳሩን እየተከተለ ካርታ ያነሣው እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ነው።

የድንጋዩን ሥርዓት ለማየት ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያልፈው፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው መንገድ የተመቸ ነው። ቁልቁለቱ ከአፋፉ እስከ ወንዙ 1,500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በላይኛው ክፍል የባዛልቱ አምዶች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ አምድ በአግድም ስንጥቅ ተከፋፍሎ ጉማጅ በጉማጅ ላይ የተነባበረ ሲሆን፣ በሁለት ፍሳሾች መካከል አልፎ አልፎ የሚታየው ቀይ አፈር፣ ቀጣዩ ፍሳሽ እስኪመጣ ድረስ ምድሩ አፈር ለመፍጠር የበቃ ዕረፍት እንደነበረው ያመለክታል። ከባዛልቱ በታች አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ቅሪት የያዘ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ጂፕሰም ይገኛል፤ ስለዚህ እሳቱ የፈሰሰው ከብዙ ዘመን በፊት ባሕር ተኝቶበት በነበረ ምድር ላይ ነው።

የአፋፉ ድንጋይ በሰው ታሪክም ድርሻ አለው። ገደሉ ለወራሪ መሰናክል፣ ለአገሬው መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በላይ ዘለቀና ሌሎች የምሥራቅ ጎጃም አርበኞች የቢቸናን አካባቢና የዓባይን በረሃ ተገን አድርገው ተዋግተዋል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1882 ከምኒልክ ጋር እንባቦ ላይ ለመግጠም ጦራቸውን ያሻገሩት ይህንኑ ሸለቆ አልፈው ነው። ለገበሬውም ቢሆን ከባዛልቱ መፈራረስ የተገኘው ዋልካ አፈር የጤፍ እርሻ መሠረት ሲሆን፣ በአምዶቹ ስንጥቅ የሚሰርገው የጮቄ ዝናብ በገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሆኖም ያው ስንጥቅ ጉዳትም አለው፤ ውሃው ከሥር ያለውን ልል ድንጋይና አፈር ሲያረጥበው አምዶቹ ድጋፍ አጥተው ስለሚያዘነብሉ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ናዳና የመሬት መንሸራተት መንገዱን በተደጋጋሚ ጎድቷል።

ጃይንትስ ኮዝዌይ እ.ኤ.አ. በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶ፣ ዕድሜው 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑንና አሠራሩን ጎብኚ ሁሉ ይማርበታል። የዓባይ አፋፍ አምዶች ደግሞ የባሕሩን የኖራ ድንጋይ፣ የእሳቱን ንጣፍና የወንዙን ሸርሸራ በአንድ ቁልቁለት አጣምረው ስለሚያሳዩ ለትምህርት የሚሰጡት ጥቅም ከዚያ አያንስም። ስለዚህ የምሥራቅ ጎጃም ዞን አስተዳደርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የተሻሉትን ገጾች ለይተው በካርታ ቢመዘግቡ፣ ለመንገድና ለግንባታ የሚፈለገው ጠጠርም ከእነዚህ ገጾች ራቅ ካለ ቦታ እንዲወጣ ቢወስኑ፣ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ አፋፉ ወስደው የሥነ ምድርን ትምህርት በዚያው ቢያስተምሩ ይገባል፤ የተፈለጠ አምድ መልሶ አይተካምና።