ትልቁን ካሜራ ከመግዛት በፊት



«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት ለገበሬ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በሠርግ፣ በምረቃና በመሥሪያ ቤት በዓል ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰውም የተገባ ነው። ቀለበት የሚጠለቀው አንድ ጊዜ ነው፤ አባትም ልጁን መርቆ ከቤቱ የሚሸኘው አንድ ጊዜ ነው። ያ ቅጽበት ካመለጠ በኋላ ሙሽሮቹን መልሶ ማቆም ይቻል ይሆናል፤ የአባትየውን እንባ ግን መልሶ ማምጣት አይቻልም።

በየመሥሪያ ቤታችን ከሰኞ እስከ ዓርብ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ውለው ቅዳሜና እሑድን በፎቶግራፍ ሥራ የሚያሳልፉ፣ በዚያም የቤታቸውን ወጪ የሚደጉሙ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ አንድ ቀን አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ይኸውም «የባለሙያውን ካሜራ ልግዛ ወይስ በያዝሁት ልቀጥል?» የሚለው ነው። አንሺዎቹ ቦዲ የሚሉት የካሜራው አካል ብቻውን፣ ሌንሱ ሳይጨመር፣ የብዙ ወር ደመወዝ የሚበላ ስለ ሆነ ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔም ይህ ጥያቄ ገጥሞኝ ስለ ነበር፣ መልሱን ከካሜራ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንዳገኘሁት ዛሬ አጫውታችኋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የልጁን ሠርግ እንዳነሣለት ለመነኝ። ካሜራዬ አነስተኛ፣ ሜሞሪ ካርድም አንድ ብቻ የሚይዝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሙሽሪትን ሲመርቁ ከነበረበት ከጧቱ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ ሳላርፍ ሠራሁ። በማግሥቱ ካርዱን በኮምፒዩተር ብከፍተው ተበላሽቶ ተገኘ። በስንት ድካም የከሰዓቱን ሥዕሎች አወጣሁ፤ የጧቱ ምርቃት ግን ጠፍቶ ቀረ። በዚያ ጧት የሙሽሪት አያት በሰው ተደግፈው ከወንበራቸው ተነሥተው የልጅ ልጃቸውን መርቀው ነበር። ክረምቱ ሳይወጣም ዐረፉ። ባልደረባዬ «እግዜር ያመጣው ነው» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረኝም፤ እኔ ግን ቢቈጣኝ በወደድሁ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው አሳቤ በማናቸውም ዋጋ ትልቁን ካሜራ መግዛት ሆነ። ነገር ግን ገንዘቡን እስካጠራቅም ድረስ ስለ ካሜራ አመጣጥ ማንበብ ጀመርሁ፤ ካነበብሁትም ውስጥ አንድ ነገር ጐልቶ ታየኝ። በየዘመኑ የተመሰገነው ካሜራ ሁሉ የተወለደው ከአንድ ከታወቀ ችግር ነው። ሠሪው በመጀመሪያ ጉድለቱን በስሙ ጠርቶ ዐወቀ፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን ፈለገ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በጀርመን አገር ቬትስላር በምትባለው ከተማ፣ በላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ኦስካር ባርናክ የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ሲሆን የአስም ሕመም ነበረበት። የዚያ ዘመን ካሜራ ከነብርጭቆ ሰሌዳዎቹ ከባድ ሸክም ስለ ነበር ተሸክሞ አገር ለአገር መዞር አቃተው። ስለዚህ በ1914 ገደማ ለሲኒማ የሚሠራውን ፊልም የምትጐርስና በእጅ የምትያዝ ትንሽ ካሜራ አዘጋጀ። የሲኒማውን ሥዕል ስፋት በዕጥፍ አሳድጎ 24 በ36 ሚሊሜትር አደረገው፤ ዛሬ አንሺዎች «ፉል ፍሬም» የሚሉት መጠን ከዚያ የወረደ ነው። በ1924 የፋብሪካው ባለቤት ኤርንስት ላይትስ፣ አገሩ በገንዘብ ችግር ተጨንቃ፣ አማካሪዎቹም እያመነቱ ሳለ ካሜራዋ ተሠርታ ለገበያ እንድትቀርብ ወሰነ። በ1925 በላይፕሲሽ ትርኢት ላይካ በሚል ስም ወጣች። ትልልቅ ካሜራ የለመዱ ብዙ ባለሙያዎች ግን በንቀት ተመለከቱአት።

ያች የተናቀች ትንሽ ካሜራ ምን እንዳስገኘች ለማወቅ የእኛን አገር ታሪክ መመልከት ይበቃል። በአነስተኛ ካሜራ መሥራትን ካስፋፉት ሰዎች አንዱ አልፍሬድ አይዘንስታት በ1935፣ በፋሺስት ጣልያን ወረራ ዋዜማ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከሦስት ሺህ በላይ ሥዕሎች አነሣ። ከእነዚህ መካከል የታወቀው የአንድ ባዶ እግሩን የሆነ ወታደር የእግሩን መርገጫ የሚያሳየው ነው። ጭቃ የያዘውንና የተሰነጠቀውን ያን ተረከዝ ያየ ሰው፣ የዚያን ጦርነት ሚዛን ለመረዳት ብዙ ንግግር አያሻውም።

ሁለተኛው ችግር ጨለማ ነበር። የበርሊኑ ተወላጅ ኤሪክ ሰሎሞን በሕግ የተማረ ሰው ሲሆን ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው በአርባዎቹ ዕድሜው ነው። የሚፈልገውም ሚኒስትሮችና ዳኞች ተዘጋጅተው ሳይሆን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ማንሣት ነበር። በአዳራሽ ውስጥ ግን ብርሃን አይበቃም፤ የዚያን ጊዜው ብልጭታ ደግሞ ጢስና ጩኸት ያለበት ስለ ነበር ጉባኤ ያውካል። በ1924 በድሬስደን ከተማ የሚገኘው የኤርኔማን ፋብሪካ ኤርማኖክስ የተባለውን ካሜራ አወጣ። የዚህ ካሜራ ኀይሉ ሁሉ በሌንሱ ላይ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት እጅግ የበለጠ ብርሃን ያስገባ ነበርና። ሰሎሞንም በዚሁ መሣሪያ ማንም ሳያውቅበት በፍርድ ቤትና በዓለም መንግሥታት ጉባኤ ውስጥ አነሣ። እንዲህ ያለው ሰው በ1944 በአውሽቪትስ የናዚዎች ግዞት ሕይወቱ አለፈ፤ ሥዕሎቹ ግን ይኖራሉ።

ሌንስ ከአካሉ ሊቀድም እንደሚችል የሚያስረዳ ሌላም ታሪክ አለ። በ1950 ላይፍ ለተባለው የአሜሪካ መጽሔት ይሠራ የነበረው ዴቪድ ዳግላስ ደንከን በቶኪዮ ሳለ የጃፓን ፋብሪካ የሠራቸውን የኒኮር ሌንሶች አየ። እጅግ ቢደነቅ ሌንሶቹን ገዝቶ በያዛቸው በላይካ ካሜራዎቹ ላይ ገጠማቸው። በዚያው ዓመት የኮሪያ ጦርነት ተነሣ፤ ይኸውም የእኛ የቃኘው ሻለቃ በ1951 ሄዶ የተዋጋበት ጦርነት ነው። ደንከን ከግንባሩ የላካቸው ሥዕሎች ጥራት የኒው ዮርክ አዘጋጆችን አስገረመ፤ የጃፓን ሌንስ ስምም ከዚያ ወዲህ በዓለም ተሰማ። ልብ በሉ፤ ደንከን ያን ጊዜ አካሉን አልለወጠም፤ የለወጠው ሌንሱን ብቻ ነው።

ለሠርግ አንሺዎች ግን የሚያስጨንቀው ነገር ሌላ ነበር። ፊልም በሥነ ሥርዐቱ መካከል ያልቃል፤ ሌላውን እስኪያጐርሱ ደግሞ ቀለበቱ ይጠለቃል። ስዊድናዊው ቪክቶር ሐሰልብላድ በ1948 ያወጣው ካሜራ የፊልሙ ቤት ከኋላው ተነቅሎ ሌላ የተዘጋጀ ቤት ወዲያው የሚተካበት ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት መዝጊያው ቶሎ ስለሚበላሽ ብዙ አስቸገረ። በ1957 የወጣው 500 ሲ የተባለው መዝጊያውን በሌንሱ ውስጥ ስላደረገ ያ ችግር ቀለለ፤ ከዚህም በላይ በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ አብርቶ የሙሽሪትን ፊት ከጥላ ማውጣት የሚቻል ሆነ። ይህ ካሜራ በአንድ ፊልም 12 ሥዕል ብቻ የሚያነሣ ቢሆንም ለብዙ ዓመታት የሠርግ አንሺዎች ምርጫ የሆነው ስለዚህ ነው።

በ1959 ደግሞ ኒኮን ኤፍ ወጣ። በላይካ ዓይነት ካሜራ አንሺው የሚመለከተው ከሌንሱ ጐን ባለች መስኮት ስለ ሆነ፣ ዐይን ያየውና ሌንሱ የሚይዘው በቅርብ ርቀት ይለያያሉ። ኒኮን ኤፍ በመስታወት አማካይነት በራሱ በሌንሱ ያሳያል። በዚህ ረገድ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ነገር ግን ፊልሙን በሞተር የሚያስሮጥ መሣሪያ፣ የሚለዋወጥ መመልከቻና ብዙ ሌንሶች አሰባስቦ ለጋዜጠኛ እንዲመች አድርጎ አቀረበ። ፋብሪካውም በዚያን ጊዜ ያበጀውን የሌንስ መግጠሚያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሳይለውጥ ስለ ቈየ፣ አካሉ አርጅቶ ሲጣል ሌንሱ ለሚቀጥለው አካል ያገለግል ነበር።

ከዚህ በኋላ ፊልም ለኤሌክትሮኒክ ሥፍራውን ለቀቀ። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ 1 ዋጋው ወደ 5,000 ዶላር ሲሆን የሥዕሉ መጠን ከ3 ሜጋፒክሰል እንኳ ያነሰ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ከዚያ ይበልጣል። በዚያን ጊዜ ያን የገዛ ጋዜጠኛ ግን አልተሞኘም፤ ሥዕሉ ፊልም እስኪታጠብ ሳይጠብቅ ለማተሚያ መድረስ ነበረበትና። በ2005 የወጣው ካነን 5 ዲ 12.8 ሜጋፒክሰል የሚይዝና ፉል ፍሬም የሆነ፣ ከባለሙያዎቹ ትልቅ ካሜራ ግን ያነሰ አካል ስለ ነበረው በሠርግ አንሺዎች ዘንድ ተወደደ። የካርድ ማስገቢያው ግን አንድ ብቻ ነበር። በ2007 የወጣው ኒኮን ዲ 3 በደብዛዛ ብርሃን እጅግ የበረታና ሁለት ካርድ የሚይዝ ነበር፤ መዝጊያውም 300,000 ጊዜ እንዲሠራ ተፈትኖ የወጣ ነው። የ5 ዲ መዝጊያ 100,000 ጊዜ ነበር። ለእነዚህ ሁለት አካላት የተከፈለው የዋጋ ልዩነት የተከፈለው ለእንዲህ ያለው ጥንካሬ እንጂ ለሥዕሉ ውበት ብቻ አልነበረም።

በ2018 ኒኮን ዜድ 6ንና ዜድ 7ን፣ ካነንም ኢኦኤስ አርን ባወጡ ጊዜ ሦስቱም መስታወት አልባ ካሜራዎች አንድ ካርድ ብቻ የሚይዙ ሆኑ። ብዙ የሠርግ አንሺዎች ይህን ነቀፉ። በ2020 ተከትለው የወጡት ዜድ 6 ሁለተኛው፣ ዜድ 7 ሁለተኛው፣ አር 5ና አር 6 ሁለት ካርድ የሚይዙ ሆነው ቀረቡ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የእኔ ስሕተት የእኔ ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ አንሺዎች የሚፈሩት ያንኑ እኔን ያገኘኝን ነገር ነበርና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የተማርሁትን በሥራ ላይ እንዴት እንዳዋልሁት ልንገርህ። ካነሣኋቸው ካለፉት ዐሥር ያህል ዝግጅቶች ውስጥ የተበላሹትንና ያመለጡትን ሥዕሎች ሁሉ አውጥቼ በአራት ክፍል ለየኋቸው። በአንደኛው ክፍል የጨለሙትንና በብርሃን ማነስ የደበዘዙትን አደረግሁ፤ የእነዚህ መድኃኒት እንደ ሰሎሞንና እንደ ደንከን ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ፣ ወይም ፍላሽን በደንብ መጠቀም ነው። በሁለተኛው ክፍል ሙሽሮቹ ሲራመዱና ሲጨፍሩ ካሜራው ፈጥኖ ማነጣጠር ያቃተው ገባ፤ ለዚህ በእርግጥ የተሻለ አካል ይረዳል። በሦስተኛው ክፍል ካርድ ወይም ባትሪ በመበላሸቱ የጠፋው ሆነ፤ ይህ ሁለት ካርድ የሚይዝ አካልና አንድ ተጠባባቂ ካሜራ ይፈልጋል። በአራተኛው ክፍል እኔ በማይገባ ሥፍራ ቆሜ፣ ወይም የሥነ ሥርዐቱን ቅደም ተከተል አስቀድሜ ሳልጠይቅ ቀርቼ ያመለጠኝ ተከማቸ። ለዚህ በዓለም ላይ የተሠራ ካሜራ የለም።

እውነቱን ለመናገር ትልቁ ክምር አራተኛው ነበር፤ ቀጥሎም አንደኛው። በሦስተኛው ክፍል የነበረው የአንድ ሠርግ ጉዳት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም የከበደው እርሱ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ብርሃን የሚያስገባ አንድ ሌንስ ገዛሁ። ሠርግ በያዝሁ ቁጥር ሁለት ካርድ የሚይዝ አካል ተከራይቼ በሁለቱም ላይ አንዱን ሥዕል እያስቀመጥሁ ሠራሁ። ኪራዩ የሥራዬን ገቢ ምን ያህል እንደሚነካ በደብተር ጻፍሁ። በዚህ ዓይነት ከሠራሁ በኋላ የኪራዩ ድምር ወደ ግዥው ዋጋ ሲቃረብ፣ በሰው እጅ የቈየ ነገር ግን መዝጊያው ብዙ ያልሠራ ባለ ሁለት ካርድ አካል ገዛሁ። በመስኮት ከማያቸው ሁሉ ውዱ አልነበረም። አሮጌው ካሜራዬም አልተሸጠም፤ በሌላው ትከሻዬ ተጠባባቂ ሆኖ ይንጠለጠላል።

ከዚህም ሌላ የልማድ ለውጥ አደረግሁ፤ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት ወደ ሙሽሮቹ ቤት ሄጄ ማን እንደሚመርቅ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው መስኮት ብርሃን እንደሚገባ እጠይቃለሁ። ሽማግሌ ካሉ ስማቸውን አስቀድሜ ዐውቃለሁ።

ስለዚህ «ልግዛ ወይስ ልቀጥል?» ብለህ ለምትጠይቅ ወንድሜ፣ ለምትጠይቂም እኅቴ መልሴ ይህ ነው። የሚጐድለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመናገር የማትችሉ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፤ አዲሱ ካሜራ የማያውቁትን በሽታ አይፈውስምና። ጉድለቱን በስሙ ከጠራችሁትና ያለውም በካሜራው አካል ውስጥ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ግን አታመንቱ፤ ኤርንስት ላይትስም የወሰነው ሁሉ ነገር ከተመቸው በኋላ አልነበረም። የሰው ሠርግ ለማንሣት ገንዘብ የተቀበለ ሰው የተቀበለው አደራም ጭምር ነው።

የባልደረባዬ ልጅ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጅዋን ክርስትና አስነሣች፤ እንዳነሣላትም ጠራችኝ። አባቷ ሕፃኑን ታቅፎ ሲመርቅ ሁለቱም ካርዶች እየሠሩ ነበር። የአያትየው ሥዕል ግን ዛሬም በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የለም።